ሰዓትና ሰሚ፦ የልጆች የዜማና የመሣሪያ ልምምድ ታሪክ በጎጃም ደጋ



የዛሬው ንግግሬ ከቤተ መንግሥትና ከጦር ሜዳ ታሪክ ራቅ ያለ ነው። የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ልጅ የሙዚቃ መሣሪያን ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እያነሣ እንዲለማመድ የሚያደርገው ምንድን ነው? በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ለልጃቸው ክራር ወይም ኪቦርድ የገዙ ወላጆች ጥያቄውን በየቤታቸው ያውቁታል። የመጀመሪያው ሳምንት በደስታ ያልፋል፤ ሁለተኛው በማሳሰቢያና በቁጣ፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ወላጅ «ልጄ ሰነፍ ነው» ይላል። ልጁም «አልሆነልኝም» ብሎ ይተወዋል።

ይህን ጉዳይ የሙዚቃ መምህር በራሱ መንገድ ያየዋል። እኔ የማየው በታሪክ በኩል ነው። የእጅ ሰዓት ያልነበራቸው፣ መሣሪያ ከሱቅ ያልገዙ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በአጠገባቸው ያልነበረ የዚህ አገር ሰዎች፣ ልጆቻቸው አንዲትን ዜማ መቶ ጊዜ እንዲደጋግሙ ያደረጉት እንዴት ነበር?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በጎጃም ደጋና በአጎራባቾቹ የልጅ ልምምድ ጸንቶ የኖረው ሦስት ነገሮች በተገናኙበት ቦታ ነው፤ የታወቀ ሰዓት፣ የሚያዳምጥ ሰው፣ ልምምዱ የሚፈለግበት ቀን። እነዚህ በነበሩበት ረኃብና ብርድ እንኳ ልጁን አላስቆሙትም። ይሁን እንጂ ሦስቱ ነገሮች በአብዛኛው የተገኙት ከወላጅ ቤት ውጭ ነበር። ስለዚህ ዛሬ «ልጃችን እቤት ይለማመድ» ስንል፣ አባቶቻችን ያደርጉት የነበረውን ሥራ ችላ ያልን መስሎን መጸጸት የለብንም። የወላጅ ቤት ከዚህ በፊት እምብዛም ያልተሸከመውን አዲስ ሥራ እየጫንነው ነው። ሥራው አዲስ መሆኑን ካወቅን ቤቱ ምን እንደሚጎድለውም እናውቃለን።

ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጀምር። ትውፊት እንደሚነግረን በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ በመምህሩ ተገርፎ ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ላይ ሲወጣ ሲወድቅ፣ እንደገና ሲወጣ ሲወድቅ ቆይቶ በመጨረሻ ፍሬውን ሲበላ አየ፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ተመለሰ። ታሪኩን ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ጽናትን ለማስተማር ነው። እኔ ግን ሌላ ነገርም እንድታዩበት እወዳለሁ። የዜማችን አባት የሚባለው ሰው ታሪክ የሚጀምረው በተሰጥዖ አይደለም፤ ከድግግሞሽ ይጀምራል። በትሩም ልጁን አባረረው እንጂ አላስተማረውም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በየአገሩ ተከፋፍሎ ስም አውጥቷል። ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር ሲጠሩ፣ ጎጃም በቅኔ ታወቀ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ከሩቅ አገር ተማሪ የሚጎርፍባቸው ቦታዎች ነበሩ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከወላጆቹ ቀዬ ርቆ ይሄዳል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ በጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ያድራል። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን በወላጆቹ ብፅዓት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ አድርገው የሣሉት ይህን ዓለም ስለሚያውቁት ነው። ወላጅ ልጁን የሚያስተምረው አሳልፎ በመስጠት ነበር። ቤቱ ያበላል፣ ይመርቃል፣ ይሸኛል፤ ልምምዱን የሚጠብቀው ሌላ ነው።

ያንን ሌላ ጠባቂ ቀረብ ብለን እንየው። በንባብ ቤት ልጁ ከፊደል ወደ ግዕዝ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ውርድ ንባብና ወደ ቁም ንባብ ያልፋል። ቀን የሚያነበው ከመጽሐፍ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መጽሐፉ ይታጠፍና የቃል ትምህርት ይጀመራል። መብራት አያስፈልግም፤ ጨለማው ራሱ ዓይንን አሳርፎ ጆሮን ያነቃል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ የደጋን ሌሊት የምታውቁ በዚያ ብርድ ተቀምጦ ጸሎትና ዜማ መደጋገም ምን ማለት እንደሆነ ትረዳላችሁ። ልጆቹ ግን ብቻቸውን አልነበሩም። የኔታ ሁሉንም ለመስማት ጊዜ ስለማይበቃቸው ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ይሰማል፤ የሚሳሳተውን ያርማል። አራሚውም ሲያርም የራሱን ያጸናል። ይህ አሠራር ለመምህሩ ድካም ማቃለያ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ ብዙ ጆሮ እንዲኖር አድርጓል።

በቅኔ ቤትም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ብቻውን ወደ ዱር ወይም ወደ ጥላ ሥር ይሄዳል። ብቸኝነቱ ግን ቀጠሮ አለው፤ የቆጠረውን ለመምህሩ የሚነግርበት ሰዓት ይደርሳል። ነገራ ባይኖር ቆጠራ ይሰንፍ ነበር። በእኔ አስተያየት ጎጃም በቅኔ የገነነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ብቻ የመሆን ጊዜና የመሰማት ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ተጎራብተው ቆሙ።

ወደ መሣሪያ ስንመጣ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዜማው በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ዜማውን ይከተላል። ከዚያም በመረግድና በጽፋት ከበሮ፣ ጽናጽልና ጭብጨባ ይጨመራሉ። ልጁ ከበሮ ፊት ሲቆም ዜማው አስቀድሞ በጉሮሮው ውስጥ ስላለ እጁ የሚፈልገው መንገዱን ብቻ ነው። የዜማ ምልክቶችም ቢሆኑ ይህንን አልቀየሩም። ምልክቶቹን በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። አንዱ ምልክት የሚወክለው የዜማ ሐረግን ነው፤ ሐረጉን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ከምልክቱ ብቻ ሊያወጣው አይችልም። መጽሐፉ ያስታውሳል፤ የሚያስተምረው ግን አፍና ጆሮ ነው።

አባት ልጁን በቤቱ ያስተማረበት ታላቅ ምሳሌም አለን። አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው በሰፊው ይታወቃሉ፤ በሊቃውንቱ ዘንድ ግን የአቋቋም ሊቅ ናቸው። ትውፊቱ እንደሚለው አዲስ የዝማሜ ስልት ፈጥረው የጎንደር ሊቃውንት ሳይቀበሏቸው ቀሩ። ስለዚህም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ልጃቸውም ከደብረ ታቦር አስፋፋው። ስልቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው «የተክሌ» ተብሎ በልጁ ስም ነው። እዚህ ላይ አባትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ሲለማመዱ ሦስቱም ነገሮች ተሟልተው ነበር፤ የሚሰማው አባቱ ነው፤ የሚያቀርብበትም ማሕሌት አለ። አደባባይ የነፈገውን ቤት ጠብቆ መልሶ ለአደባባይ ሰጠው።

ሁለተኛው ቦታ የአዝማሪ ቤት ነው። በጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮች አሉ፤ በጎጃምም ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፍባቸው ቤተሰቦች ኖረዋል። በእነዚህ ቤቶች ልምምድ የሚባል የተለየ ነገር የለም። ማሲንቆው እንደ ሞፈርና እንደ ቀንበር የቤቱ መተዳደሪያ ነው። ልጁ የፈረስ ጭራውን ሲያጥብ፣ ቆዳውን ሲወጥር፣ ደጋኑን ሲያስተካክል መሣሪያውን ከመጫወቱ በፊት ያውቀዋል። ሠርግና ግብር ሲኖር ወላጆቹን ተከትሎ ይሄዳል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በስማቸው ሳይጠራ በጆሮው ይለያቸዋል። ሰሚው ሞልቷል፤ ቀኑም በየሳምንቱ ይመጣል።

ነገር ግን የአዝማሪው ቤት በር ለሌላው ልጅ ዝግ ነበር። አዝማሪ በግብሩ ላይ እየተወደደ በማኅበራዊ ደረጃው የተናቀ ነበርና፣ የገበሬ ወይም የባላባት ልጅ ማሲንቆ ቢይዝ ቤተሰቡ «አዋረደን» ይል ነበር። ስለ ቤት ውስጥ ልምምድ ስናወራ ይህን እውነት መደበቅ አይገባም። በብዙ ቤቶች ወላጅ የልጁን መሣሪያ የረሳ ሳይሆን የከለከለ ነበር። ዛሬም «ትምህርትህን አጥና፣ እሱን አስቀምጥ» የሚለው ድምፅ ከዚያ ከረጅሙ ንቀት ፈጽሞ የተለየ ነው ለማለት ያስቸግረኛል።

ሦስተኛው ቦታ መስኩ ነው። ከጮቄ ተዳፋት እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ድረስ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነበር፤ ዋሽንትም የእርሱ መሣሪያ ነች። ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ትቆረጣለች፤ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ አላት። ቢላዋና የጋለ ብረት ካለ እረኛው ራሱ ይሠራታል። አንዲት ዋሽንት ከተሠራችበት ቅጥ ውጭ ስለማትሄድ የለመደ ነፊ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች ይይዛል። ከብቱ በሚግጥበት ሰዓት ልጁ ሌላ ሥራ የለውም። ያንን ሰዓት ማንም አልመደበለትም፤ ከብቶቹ መደቡለት። በማዶ ያለ እረኛ ይሰማዋል፤ ይመልስለታል፤ አንዱ ሌላውን ይበልጣል። ክረምቱ ሲገፋም ቡሄ ይመጣል። ነሐሴ 13 ጅራፍ ለማጮህና ሆያ ሆዬ ለማለት ልጆቹ ከሳምንታት በፊት ይዘጋጃሉ። «ተለማመዱ» የሚላቸው አያስፈልግም፤ ቀኑ ራሱ ይጠራቸዋል።

ስለ ሴት ልጆች ሳልናገር ባልፍ ሥዕሉ ጎደሎ ይሆናል። ዋሽንቱም፣ ማሲንቆውም፣ የየኔታ ጎጆም በአብዛኛው የወንድ ልጅ ነበሩ። ለልጃገረዶች የቀረላቸው ከበሮ፣ ጭብጨባና ዘፈን ነው። በእንቁጣጣሽ አበባየሁሽ ለማለት ሲሰባሰቡ እነርሱም የራሳቸው ቀንና የራሳቸው ሰሚ ነበራቸው። ያጡት የየዕለቱን ሰዓት ነው፤ ውኃውና ወፍጮው ወስዶባቸዋል። ዛሬ ሴት ልጅ ክራር ወይም በገና ይዛ በቤቷ ስትቀመጥ የሚለወጠው ነገር ከወንድሟ ይልቅ ለእርሷ ይበልጣል።

በገናን ካነሣሁ ዘንድ፣ በወላጅ ቤት ውስጥ ክብር የነበረው መሣሪያ እርሱ መሆኑን ልግለጽ። አሥር አውታር ያለው፣ በእንዚራው ምክንያት ድምፁ የሚነዝር፣ ለጠባብ ክፍልና ለጥቂት ሰሚ የተሠራ መሣሪያ ነው። የዳዊት መሣሪያ ስለሚባል የመኳንንትና የካህናት ቤት አልናቀውም። እቴጌ ጣይቱም በገና ይደረድሩ ነበር። በገና የራሱ ወቅት አለው፤ ከበሮና ጽናጽል በሚያርፉበት በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ይወርዳል። እንግዲህ እዚህም ቀኑ፣ ሰዓቱና ሰሚው አሉ። መምህር ዓለሙ አጋም በገናን የተማሩት በልጅነታቸው በእንጦጦ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው፤ በኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረውታል። የመሣሪያው ዕድሜ የተራዘመው አንድ አዋቂ አንድን ልጅ ቁጭ ብሎ ስለሰማ ነው።

አሁን ወደ ለውጡ ልሻገር። ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ እረኛው ወደ ክፍል ገባ። ይህ መልካም ነው፤ ልጆች ዋሽንት እንዲነፉ ብሎ ከከብት ኋላ ይመለሱ የሚል ሰው በዚህ አዳራሽ የለም። ሆኖም የመስኩ ሰዓት ሲሄድ የማዶው ሰሚም አብሮ ሄደ። በምትኩ የተተከለው ጥቂት ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የኪነት ቡድኖች በየቀበሌውና በየአውራጃው ሲቋቋሙ ለጥቂት ዓመታት ክፍተቱ ተሞልቶ ነበር። የጎጃሙ ጊሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ ከዚያ ዘመን የቀሩ ስሞች ናቸው። የቡድኖቹ ዓላማ ፖለቲካዊ እንደነበር አይካድም። ለወጣቱ ግን የልምምድ ሰዓት፣ የሚሰሙ ጓደኞችና መድረክ ሰጥተውታል። ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ልጁም ከመሣሪያው ጋር በቤት ውስጥ ብቻውን ቀረ።

የሌላው ዓለም ልምድም ከዚህ አይርቅም። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ሕፃናት አፍ መፍቻ ቋንቋቸውን የሚለምዱበትን መንገድ ተከትለው ሲያስተምሩ፣ ወላጅ ከልጁ ጋር በትምህርቱ እንዲቀመጥና በቤትም አብሮ እንዲሆን አደረጉ። ዝናው ዓለምን የዞረው የሱዙኪ ስልት የእኛ ጎጆ ተማሪዎች በጨለማ ሲያደርጉት ከነበረው ጋር ቢያንስ በአንድ ነገር ይገናኛል፤ ልጅ ብቻውን እንዲደጋግም አይተዉትም።

ከዚህ ሁሉ ለወላጅ ምን እንወስዳለን? የታሪክ ሰው ምክር መስጠት ባያምርበትም ታሪኩ የሚጠቁመውን መናገር ግን ይችላል።

ሰዓቱ በልጁ ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል፤ በቤቱ ውስጥ አስቀድሞ ካለ ነገር ጋር ይታሰር። የእረኛውን ሰዓት የያዙት ከብቶቹ እንደነበሩ፣ በከተማ ቤት ያለውን ሰዓት የማታው ቡና ሊይዘው ይችላል። ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ያለው ጊዜ ለአንድ ጀማሪ ይበቃዋል። ነገ ያው ቡና ሲፈላ መሣሪያው እንደገና ይነሣል።

ሰሚው ሙዚቃ አዋቂ መሆን የለበትም። «እኔ ኖታ አላውቅም፤ እንዴት ልርዳው?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። አያት፣ ታናሽ እህት፣ ጎረቤት ይበቃሉ። «ትናንት እዚህ ላይ ተሰናክለህ ነበር፤ ዛሬ አለፍኸው» ማለት የሚችል ጆሮ ይኑር። ታላቅ ልጅ ካለ ታናሹን ይስማ፤ የየኔታ ጎጆ ያስተማረን ይኸንን ነው።

ቀንም ይኑር። መድረክ አያስፈልግም፤ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት የገና ወይም የፋሲካ ምሳ አለ፤ የልደት ቀን አለ። ልጁ በዚያ ቀን የሚጫወታት አንዲት አጭር ዜማ ካለችው ድግግሞሹ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። መሣሪያውም እጁ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ እንዳይሰበር ተብሎ ቁም ሣጥን ላይ የወጣ ክራር አይሰበርም፤ አይደረደርምም።

ከአሮጌው ሥርዓት የማንወስደው ነገርም አለ። አርጩሜና ኩርኩም የዚያ ትምህርት አካል ነበሩ። ዛሬ ስማቸውን የምናነሣቸው ሊቃውንት የጸኑት ናቸው፤ በትሩን ሸሽተው ያልተመለሱትን ልጆች ታሪክ አልጻፈልንም። ያሬድ ተመለሰ፤ ሁሉም አልተመለሰም። ጎጆው ያፈራው በሰዓቱና በጆሮው ነው ብዬ ስከራከር፣ በትሩ እንዲቀር በልበ ሙሉነት የምናገረው ስለዚህ ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ልስጥ። ዋሽንት የነፉ፣ በቃል ትምህርት ያደጉ፣ በኪነት ቡድን የተሰለፉ ሰዎች በየሠፈራችሁ አሉ፤ ብዙዎቹም አርጅተዋል። ወደ እነርሱ ስትሄዱ ዜማቸውን ብቻ ቀድታችሁ አትመለሱ። በስንት ሰዓት ትለማመዱ ነበር? ማን ይሰማችሁ ነበር? ለየትኛው ቀን ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። ዜማው በመዝገብ ሊቀመጥ ይችላል፤ ዜማውን በልጅ እጅ ላይ ያሳደረው የቀን አደረጃጀት ግን ካልተጠየቀ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እርሱን ካጣን የሚቀረን በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ያለ መሣሪያና ከፊቱ ቆሞ ፎቶ የሚያነሣ ልጅ ነው።